አረቄ ሻጯም ትድናለች ወይ

ከመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ የስድስት ወር ኮርስ ጨርሼ ወደ አርባ ምንጭ ስመለስ፣ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም ነበር። ቀን በዞኑ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ እጽፋለሁ። ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ ስወጣ ደግሞ በላይኛው ከተማ በሴቻ የሚሰበሰቡትን እናቶች እንዳስተምር ቤተክርስቲያናችን መደበችኝ። አሥራ ሁለት ያህል ነበሩ። አብዛኞቹ እኔ ሳልወለድ ያመኑ ናቸው፤ ሆኖም ደብተሬን ይዤ ስቆም በትሕትና ዝም ብለው ያዳምጡኛል። ከእነሱ አንዷ አክስቴ ናት፤ የአባቴ ታላቅ እህት።

አክስቴ ጋሞ ደጋ፣ ኦቾሎ ተወልዳ በትዳር ወደ ከተማ የመጣች ሴት ናት። ባሏ ሸማኔ ነበር። እጁ የተባረከ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነበር፤ ግን ጌታን ሳይቀበል፣ አረቄውንም ሳይተው ሞተ። የሚጠጣውም ሩቅ ሄዶ ሳይሆን እዚያው ከአጥራቸው ማዶ፣ አረቄ በምትሸጠው ጎረቤታቸው ቤት ነበር። በቀብሩ ቀን የሰበከው ሰው አስከሬኑ ፊት ቆሞ ሰፊው መንገድ የት እንደሚያደርስ ሲናገር፣ አክስቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሰማችው። ከዚያ ወዲህ ስለ ባሏ ማንም እንዲያወራት አልፈቀደችም። ጎረቤቷንም አራት ዓመት ሙሉ ሰላም ብላት አታውቅም።

ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው እንግዲህ አንድ ሐሙስ ዕውቀቴን ላሳይ ብዬ አፌን የከፈትኩት። ሐዋርያው ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ ትንሣኤ የጻፈውን እያነበብን ነበር። በአዳም ሁሉ እንደሚሞቱ፣ በክርስቶስም ሁሉ ሕያዋን እንደሚሆኑ የሚናገረው ጋ ደረስን። ከጥንት የቤተክርስቲያን መምህራን መካከል፣ እግዚአብሔር በመጨረሻ ፍጥረቱን በሙሉ ወደ ራሱ ይመልሳል፣ የገሃነም እሳትም የሚያጠራ እንጂ ለዘላለም የሚያቃጥል አይደለም ያሉ ነበሩ አልኩ። ብዙዎች እንዳልተቀበሏቸው ልጨምር ስል አክስቴ አላስጨረሰችኝም።

«እስቲ መልሰህ አንብበው» አለችኝ።

አነበብኩት።

«በአዳም የሚሞተው ሁሉ ስንቱ ነው?»

ሰው በሙሉ ነው አልኳት።

«በክርስቶስ የሚነሣውስ?»

እሱ እንኳ የሚያምኑት ብቻ ናቸው አልኳት። ኮሌጅ የተማርኩት እንደዚያ ነው።

«አንድ ቃል፣ በአንድ መስመር ላይ» አለች ቀስ ብላ፤ «መጀመሪያው ላይ ሰፍቶ መጨረሻው ላይ እንዴት ጠበበ? ባለቤቴ እንኳ ጋቢ ሲሠራ ወርዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ነበር።»

ደብተሬን ገለጥኩ። ከዳር እስከ ዳር አገላበጥኩት። ባሏን በሰው ፊት ካነሳች ዓመታት ስላለፉ እናቶቹ ሁሉ ዞረው አዩዋት፤ ከዚያ ጥያቄው እንደ ዝናብ ወረደብኝ። አንዷ ወንጌል አገሯ ገረሴ ሳይደርስ ስለሞቱት አያቷ ጠየቀችኝ። ሌላዋ ስለ ልጇ ጠየቀች። አንዲት ሴትዮ ደግሞ፣ ነገሩን ለማሞቅ ያህል፣ ሰይጣንስ አለችኝ። እሱንም ያነሱ አልጠፉም አልኩ። እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ይህን ባልጻፍኩ።

ወሬው በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍሮ ወደ ታችኛው ከተማ ወደ ሲቀላ ወረደ። ሴቻ ሲነሣ «አንዳንድ መምህራን እንዲህ ብለዋል» ነበር። ሲቀላ ሲደርስ «ገሃነም የለም አለ» ሆነ። ተመልሶ ወጥቶ ሽማግሌዎቹ ጆሮ ሲገባ፣ ሰይጣንን ልናጠምቀው ቀን ቆርጠናል።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ተጠራሁ። አክስቴ ማንም ሳይጠራት መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ሲስቁ ያየ ሰው አላውቅም። በጎቹና ፍየሎቹ የሚለዩበትን ክፍል አነበቡልንና የዘላለም ቅጣት የሚለው ላይ ጣታቸውን አሳርፈው ቆዩ። ሰው ሁሉ የሚድን ከሆነ ታዲያ ለምን እንሰብካለን ብለው ጠየቁኝ። እሳቸው አርባ ዓመት ሙሉ ጎህ ሳይቀድ እየተነሡ ሲጸልዩ መኖራቸውን፣ ያም ድካም ከንቱ ነው ሊባል መሆኑን ተናገሩ።

አክስቴ አፏን የፈታችው በጋሞኛ ስለሆነ፣ ስትናደድ አማርኛዋ ወንድና ሴት መለየት ይተዋል። «አንቺ የጸለይሽው» ብላ ጀመረችና ራሷን አረመች። «እርስዎ የጸለዩት ሌላው እንዳይገባ ነበር እንዴ?»

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው ረጅም ጊዜ ወለወሉት። ያባርሩናል ብዬ ስጠብቅ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እህታችን፣ ባለቤትዎ እንዲገቡ እንደሚፈልጉ ይገባኛል። እኔም ወንድም ነበረኝ። ግን ሁሉ ማለት ሁሉ ከሆነ፣ አረቄውን የቀዳችላቸውም ትገባለች። ይስማማሉ?»

ይህን አላሰበችበትም ነበር። ነጠላዋን አጣፋች፣ መልሳ ዘረጋች፣ መስኮቱን አየች።

«ትግባ» አለች በመጨረሻ፤ «ግን ትንሽ ቆይታ።»

ሰብሳቢው ሳቁ። ሳቁን ለማፈን ሲታገሉ ሳል ጨረሳቸው። ያም ሆኖ ከቅጣት አላመለጥኩም፤ ሦስት ወር ከማስተማር ታገድኩ። ስንወጣ አክስቴን በር ላይ አስቁመው፣ ጎረቤቱን ሰላም የማይል ሰው ስለ መንግሥተ ሰማያት ስፋት ለመከራከር ባይቸኩል ይሻላል አሏት።

በእነዚያ ሦስት ወራት መጽሐፉን እንደ አዲስ አነበብኩት። ሁሉን የሚያቅፍ ቃልም፣ በሩ እንደሚዘጋ የሚያስጠነቅቅ ቃልም አገኘሁ፤ አንዱን ይዤ ሌላውን መሰረዝ አልሆነልኝም። ዛሬም ሰው ሲጠይቀኝ አላውቅም እላለሁ። ተስፋ ማድረግን ግን እስካሁን የከለከለኝ የለም።

አክስቴ እንደኔ ሦስት ወር አልፈጀባትም። በዚያ እሑድ ማግስት ደወለችና ከሥራ ስወጣ እንድመጣ አዘዘችኝ፤ ያለ ምስክር አልሄድም አለች። አጥሩን ዞረን አረቄ ሻጯ ግቢ ገባን። ሁለት ሰዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ሆነው ይጠጡ ነበር፤ አክስቴን ሲያዩ መለኪያቸውን ከወንበሩ ሥር ሸሸጉ። ሴትየዋ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣችና ማን ሞተ ብላ ጠየቀች። አክስቴ ያለ መርዶ እዚያ ደጃፍ ትደርሳለች ብላ አላሰበችም።

«ማንም አልሞተም» አለቻት አክስቴ። «ይሄ ልጅ መጨረሻ ላይ አንድ ቦታ ልንኖር እንችላለን ይላል። ከአሁኑ ልልመድሽ ብዬ ነው።»

ሴትየዋ እኔን አየችኝ። እኔ መሬቱን አየሁ። ወንበር አወጣችልን፤ ሻይ አፈላች። ስለ ሙቀቱና ስለ ውሃው መጥፋት አወሩ። ሻዩ ሲጋመስ ሴትየዋ አንድ ነገር ነገረቻት። የአክስቴ ባል ሁለተኛውን መለኪያ ካነሣ በኋላ የሚያንጎራጉረው የሚስቱን መዝሙር ነበር። እሷ ጓዳ ሆና ስትዘምር፣ እሱ የሸማ መሥሪያው ላይ ተቀምጦ በቃሉ የያዘው ነው። ሬዲዮ ሲከፈት ዝጉልኝ ይል ነበር አለቻት።

አክስቴ ኩባያውን አስቀመጠች። ባሌ ስዘምር ጆሮውን ይደፍናል ስትል የኖረች ሴት ናት። የትኛውን መዝሙር እንደሆነ ጠየቀች። ሴትየዋ አንጎራጎረችላት።

«እንደዚያ አይደለም» አለችና አክስቴ ዜማውን አርማ ራሷ ጀመረችው። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ድምፅዋ እንቢ አላት። ያኔ መለኪያ ከሸሸጉት አንደኛው ሰውዬ ተቀበላት። እስከ መጨረሻው ያውቀዋል፤ ከሟቹ ነው የተማረው።

አክስቴ ዓይኗን ጠረገችና ድምፁ ጥሩ እንደሆነ፣ መዘምራኑም ወፍራም ድምፅ እንደቸገራቸው ነገረችው። እሑድ ና አለችው። ሳይቀምስ ከቤት መውጣት እንደማይሆንለት አስጠነቀቃት። እንደሆንክ ና፣ ብቻ ከኋላ ተቀመጥ አለችው።

መጣ። በሩ አጠገብ ተቀምጦ ከሁላችንም በላይ ዘመረ። ሰብሳቢው ሁለት ጊዜ ዞረው አዩት። በሦስተኛው መዝሙር ላይ ከፊት ወንበራቸው ተነሡና፣ የመዝሙር መጽሐፋቸውን ይዘው ሄደው አጠገቡ ተቀመጡ።