ለደርሶ መልስ ጀልባ የተከራከርኩ ዕለት

ባሕር አይቼ አላውቅም። ከትልቅ ውሃ የማውቀው አባያን ብቻ ነው፤ እሱንም ወደ አርባ ምንጭ ስንሄድ ከመኪና መስኮት ነው ያየሁት። ወተት የገባበት ሻይ የመሰለ ሐይቅ ነው፣ እጅ ቢከቱበት ጣት አይታይም። እንዲህም ሆኖ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ፣ በወላጆች ቀን መድረክ ላይ ቆሜ፣ ባሕር ውስጥ ጠልቆ ኮራል ሪፍ ለማየት የትኛው ጀልባ እንደሚሻል ተከራክሬያለሁ። አሸንፌያለሁም። ጣጣዬ የጀመረው ካሸነፍኩ በኋላ ነው።

ያኔ ቤታችን ዱቦ፣ ትምህርት ቤቴ ሶዶ ነበር። ጎህ ሳይቀድ እነሳለሁ፤ ስኳር ድንቼን በላስቲክ ጠቅልዬ በጭቃው እስከ ዋናው መንገድ እወርዳለሁ፤ ከዚያ ሚኒባስ እይዛለሁ። ካገኘሁ ማለቴ ነው። በገበያ ቀን ረዳቱ ከተማሪ ይልቅ የዝንጅብል ጆንያ ይወዳል፤ ጆንያ ሌላ ጆንያ ሲጭኑበት አይነጫነጭማ። ሶዶ ስደርስ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ተጋምሶ ይጠብቀኛል። ዘመኑ ደግሞ የፕላዝማ ነው። ትምህርቱ በሳተላይት ከአዲስ አበባ ይመጣል፤ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለችው አስተማሪ በእንግሊዝኛ ትከንፋለች፣ ጥያቄ ትሰጣለች፣ እኛ ጥያቄውን አንብበን ሳንጨርስ መልሱን ነግራን ታልፋለች። የክፍል መምህር ይለመናል፣ ፕላዝማ ግን አይለመንም። ያለፈ አለፈ።

የዴስክ ጓደኛዬ የበዴሳ ልጅ ናት። ኦቶና ሆስፒታል አካባቢ አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች፤ ቅዳሜ አገሯ ገብታ እሁድ የሳምንት ስንቋን ተሸክማ ትመለሳለች። አንድ ቀን አርፍጄ ገብቼ ከጎኗ ስቀመጥ፣ ጫማዬ ላይ ያለውን ጭቃ አየችና፣

«እኔ ጋ ቦታ አለ። ፍራሽሽን ብቻ ይዘሽ ነይ» አለችኝ። «አንኮራፋለሁ ግን፤ ኋላ አልነገርሽኝም እንዳትዪ።»

የዚያኑ ማታ አባቴን ጠየቅኩት። አባቴ ገበሬ ነው፤ ደግሞም የሰፈር ሽማግሌ ነው፣ ዱቡሻ ይቀመጣል። ዱቡሻ የተጣላ የሚታረቅበት፣ የአገር ጉዳይ የሚመከርበት ሜዳ ነው። እዚያ የሚቀመጥ ሰው ቶሎ አይመልስም፤ አባቴም ራቱን በልቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ እጁን አድርቆ ነው የመለሰልኝ።

«ምልልሱ ምን አለው? ቢያንስ ማታ ማታ ፊትሽን አያለሁ።»

እናቴ ወደ እኔ እንዳጋደለች ድስቱን ስትከድን ከድምፁ አወቅኩ። እኔም አልተውኩም። እናቴ ስትወልደኝ የአዋላጇን ጣት ጨብጬ አልለቅም ብዬ እንደነበር ሁልጊዜ ትናገራለች፤ እኔ ያው ነኝ።

በዚያ ሰሞን ነው የእንግሊዝኛ መምህራችን ስለ ባሕር ጠላቂዎች የሚያወራ ምንባብ ያመጡልን። ኮራል የሚባሉ ጥቃቅን ፍጥረታት በብዙ ዘመን የገነቡት አለት ባሕር ውስጥ አለ፤ ሪፍ ይባላል፤ ዓሦቹ በጥበብ ሸማ ጥለት ቀለም ነው የተሠሩት። ሰዎች አየር በጀርባቸው አዝለው ወርደው ያዩታል። ታዲያ የሚሄዱበት ጀልባ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ጠዋት ወስዶ ማታ ወደ ወደብ ይመልሳል። ሌላው አልጋም ወጥ ቤትም አለው፤ ሳምንት ሙሉ እዚያው ባሕሩ ላይ ይታደራል። መምህራችን የፊተኛውን የደርሶ መልስ፣ የኋለኛውን የአዳር ጀልባ ብለው ተረጎሙልንና፣

«የወላጆች ቀን ክርክር ይሄ ነው። ወላጆች እንዲሰሙት በአማርኛ ይሁን» አሉ።

ዕጣ አወጣን። ለእኔ ደርሶ መልስ ደረሰኝ። አዳሩ የደረሰው ለማን ነው ብትሉ፣ ለዴስክ ጓደኛዬ።

«ቀይሪኝ» አልኳት። «እኔኮ አዳር ነው የምፈልገው። ቤት ስለምን ስለምን የኖርኩት እሱን ነው።»

«ለዚህ ነው የማልቀይርሽ» አለች፤ «አንቺ አልቅሰሽ ታሸንፊያለሽ።»

መምህሩ ዘንድ ሄድኩ። «ቲቸር፣ የእኔን ወገን አላምንበትም።»

«ባታምኚበት ነው ጥሩ። የምታምኚበትንማ ማንም ይከራከራል።»

እሺ፣ አልኩ በልቤ። ካልቀየራችሁኝ እንደ እኔ ለደርሶ መልስ የተከራከረ ሰው እንዳይኖር አደርጋለሁ። በእግር ስወርድ ንግግሬን ለባሕር ዛፎቹ ተለማመድኩ፤ ሚኒባስ ውስጥ በሹክሹክታ ተለማመድኩ፣ እስከማስታውሰው አንዲት ሴትዮ የምጸልይ መስሏት አሜን ብላልኛለች።

ቀኑ ደረሰ። አባቴ የእሁድ ጫማውን አድርጎ፣ ጃንጥላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ከፊት ተቀመጠ። መጀመሪያ እኔ ተነሳሁ። ባሕሩ ሲናወጥ የደርሶ መልስ ሰው ከወደብ አይወጣም፣ የአዳር ሰው ግን ማዕበሉን ቢጠላው የት ይወርዳል አልኩ። ለመጥለቅ አዲስ የሆነ ሰው ጆሮውን ቢያመው ማታ መሬት ላይ ሐኪም ያገኛል አልኩ። «ኦቶና ቅርብ ነው» ብሎ አንድ ተማሪ ከኋላ ጮኸና ሳቁ። የቤቱን ምግብ በልቶ በራሱ አልጋ የተኛ ሰው በማግስቱ ዓይኑ ጥሩ ያያል አልኩ። መጨረሻ ላይ፣ ፍርድ የማውቅ ለመምሰል ያህል፣ «ይህ ሁሉ ግን ሪፉ ለወደቡ ቅርብ ከሆነ ነው» ብዬ ተቀመጥኩ። ምንባቡም የሚለው እንደዚያ ነው።

ጓደኛዬ ተነሳች። ልጅቷ ስትናገር አታንኮራፋም፣ እሱን እመሰክርላታለሁ። ቆንጆው ሪፍ ሩቅ ያለው ነው አለች። ደርሶ መልሶች ቀናቸውን የሚጨርሱት ባሕር ውስጥ ሳይሆን መንገድ ላይ ነው፤ እነሱ ሲደርሱ ዓሦቹ ወጥተው ሄደዋል። ጀልባው ላይ ያደረ ግን ጎህ ሲቀድ፣ ሌላ ሰው ሳይመጣ፣ ውሃው ገና ጸጥ እንዳለ ይገባል። እኔ ይህን ስሰማ ላጨበጭብላት ምንም አልቀረኝም፤ እጄን ቀሚሴ ሥር ቀበርኩ።

ያን ጊዜ ነው አንድ ሽማግሌ ከወላጆች መካከል እጃቸውን ያወጡት። ከአባያ ዳር ከአበላ በኩል የመጡ ናቸው።

«እነዚህ ሰዎች ውሃ ላይ ሲያድሩ አዞውን ምን አደረጉት?»

ምንባቡ ላይ አዞ የለም። መምህራችን ጉሮሯቸውን ጠራርገው «ጥያቄው ለተከራካሪዎቹ ነው» አሉ።

«አባ፣ እዚያ አዞ የለም» አለች ጓደኛዬ።

«ማን አየ?»

«መጽሐፉ አልጻፈም።»

«መጽሐፉን የጻፈው ያልተበላው ነዋ» አሉ ሽማግሌው፣ አዳራሹም በሳቅ ፈረሰ።

እኔ ብድግ አልኩ። «አዞ መኖሩን አላውቅም፤ ካለ ግን እኛ ማታ መሬት ላይ ነን።» አለቀ። ጭብጨባው ጣራውን ሊያነሳው ደረሰ። መምህሩ ደርሶ መልስ አሸነፈ አሉና እስክሪብቶ ሸለሙኝ። ደስታዬን ምን ልበላችሁ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የእኔ ቃል አዳራሽ ሲሞላ ሰማሁ።

ወደ ቤት ስንወጣ አባቴ ከፊት ከፊቴ እየሄደ፣ ሳይዞር፣ በወላይትኛ ተናገረኝ።

«ደስ አልሽኝ። ነገሩንም ራስሽ ቋጨሽው።»

«የቱን ነገር?»

«የክፍሉን ነገር። ምልልስ ይሻላል አልሽ፤ ማታ በራስ አልጋ መተኛት ይሻላል አልሽ። ያ ሁሉ ሰው ሰማ።»

እግሬ ቆመ። «አባ፣ እሱኮ ክርክር ነው። በዕጣ ነው የደረሰኝ።»

አሁን ዞረ። እንዳልተቆጣ ከፊቱ አየሁ፤ ግራ ነው የገባው። ዱቡሻ ላይ ሰው ተነስቶ ሲቆም ያመነበትን ሊናገር ነው። ቆሞ የተናገረውን ቁጭ ብሎ ልተወው ቢል ከዚያ በኋላ የሚሰማው የለም። የሚናገሩትን ዕጣ አውጥቶ መናገር የሚባል ነገር አባቴ ሰምቶ አያውቅም።

«ያላመንሽበትን ነው ቆመሽ የተናገርሽው?»

አዎ ብል ውሸታም ነኝ። አይደለም ብል ክፍሉ ቀረ። በዚያ ዳገት ላይ እየሄድኩ በውስጤ ንግግሬን ከጫፍ እስከ ጫፍ እያስኬድኩ ነበር፣ እነዚያ ባሕር ዛፎች እንኳ በቃላቸው የያዙትን ንግግር።

«ያልኩትን አልክድም» አልኩት። «ግን ሁሉንም ስማ። መጨረሻ ላይ ሪፉ ቅርብ ከሆነ ብያለሁ። ይህን ሰምተሃል አልሰማህም?»

አሰበ። «ሰምቻለሁ።»

«ሶዶ ቅርብ ነው?»

«በሚኒባስ ምን አላት።»

«እንግዲያው ሰኞ አብረኸኝ ሂድ። አብረኸኝ ተመለስ። ቅርብ ነው ካልክ ሁለተኛ አላነሳውም።»

ሰኞ ሲዘንብ አደረ። አባቴ በእሁድ ጫማው ጭቃውን እየገፋ ወረደ፤ ሁለት ጊዜ ክንዴን ያዘ፣ ሁለቱንም ጊዜ የያዘኝ እኔ እንዳልወድቅ አስመሰለ። ዋናው መንገድ ላይ ሚኒባሶቹ ጆንያቸውን ጭነው እያለፉን ሄዱ። ጃንጥላውን እያወዛወዘ አንዱን አስቆመ።

«አባ፣ ወንበር የለም» አለ ረዳቱ፤ «ዝንጅብሉ ላይ ከተመቸዎት።»

አባቴ ሶዶ የገባው ዝንጅብል ላይ ተቀምጦ ነው። ማርፈዴን የለመደው የትምህርት ቤቱ ዘበኛ እኔን ሲያይ «ዛሬ ደግሞ ምስክር ይዘሽ መጣሽ?» አለ፤ አባቴን በክብር አስገባው። ክፍላችን መስኮት ጋ ደረስን። ትምህርቱ ወደ ማለቁ ነው። አባቴ በመስታወቱ ፕላዝማውን አየ።

«ይህች ሴት የምትናገረው ለእናንተ ነው?»

«አዎ።»

«አንዴ ትጠብቅሽ፣ መጣሁ በያት።»

«አትሰማም፣ አባ።»

«ኋላ ትደግምልሻለች?»

«አትደግምም።»

ስክሪኑ ተለወጠ፣ ሴትየዋ ጠፋች። አባቴ ባዶውን ስክሪን ትንሽ ቆሞ አየው። ከዚያ ዶማ ሊገዛ ወደ ገበያ ሄደ፤ ስንለቀቅ በሩ ላይ ጠበቀኝ። መልሱ ላይ ወንበር አገኘን። ደብተሬን አወጣሁ፤ መንገዱ ሲያንገጫግጭ መስመሮቹ ይዘላሉ፣ ብርሃኑም አለቀ፣ መለስኩት። አባቴ ዶማውን አቅፎ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወስዶታል። ወርደን ዳገቱን ስንጀምር ለመተንፈስ ቆመና፣

«ይሄን በየቀኑ ነው?» አለ።

«በየቀኑ።»

እንደገና መሄድ ጀመረ። ቤታችን ሲታይ ለራሱ እንደሚናገር ሰው፣ «ሪፉ ሩቅ ነው» አለ።

መቼ ዝም እንደሚባል አውቃለሁ።

ከራት በኋላ እጁን ታጠበ፣ አደረቀ፣ ተነስቶም ቆመ። እቤት ውስጥ ቆሞ ሲናገር አይቼው አላውቅም። «ከሰኞ እስከ ዓርብ አዳር ትሁን» አለ። «ቅዳሜ ወደብ ትገባለች፤ የቀረች ቀን ሄጄ አመጣታለሁ።» እናቴ የድስቱን ክዳን እንደያዘች፣ «ቆመህ ነው የተናገርከው» አለችው፤ እንዳይለወጥ ማሰሯ ነው።

እሁድ ፍራሼን እሱ ተሸከመ፤ እኔ ቆጮውን፣ ቦዬ የምንለውን ሥራ ሥር፣ የዳጣውን ብልቃጥ። ክፍሉ በር ላይ መቀርቀሪያውን ከውስጥም ከውጭም ነቀነቀው። ለአከራይዋ «እዚህ ሰፈር አዞ አለ?» አላቸው። ሴትየዋ እኔን አዩኝ። «የለም፣ እማማ፣ እሱ የራሳችን ወሬ ነው» አልኳቸው። ጓደኛዬ ግድግዳውን ተደግፋ በሳቅ ወደቀች። አባቴ ሲሄድ እስከ መታጠፊያው አልዞረም፤ መታጠፊያው ላይ ጃንጥላውን ከፍ አደረገልኝ፣ ዝናብ አልነበረም።

ሰኞ በዱቦ ሰዓት ነቃሁ። ገና ጨለማ ነው። እጄ ዩኒፎርሜን ፈለገ፣ ጫማዬን ፈለገ፤ ለብሼ ጨርሼ ቆምኩ፣ የሚወረድበት ቁልቁለት ግን የለም። ጓደኛዬ እንደ ቃሏ ታንኮራፋለች። ከዳሞታ ተራራ በኩል መስኮቱ ግራጫ እየሆነ መጣ። ያን ሁሉ ጊዜ ማንም አልነካውም፤ ሙሉው የእኔ ነበር። ቁጭ አልኩ፣ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ከፈትኩ፣ መስመሮቹ አልዘለሉም፤ በሽልማት እስክሪብቶዬ ያመለጠኝን ሁሉ ከጓደኛዬ ደብተር፣ ከመጀመሪያው ገጽ፣ መገልበጥ ጀመርኩ።