አባባን ያልጠበቀችው ዘፋኝ

ትናንት የልጅ ልጄ ቴሌቪዥን ከፍታ፣ አንዲት ሴት ፊልም ውስጥ ስታለቅስ ከስሯ ሙዚቃ ሲንቆረቆር ብሰማ፣ ኧረ የሚጫወተው ሰውዬ የታለ ብዬ ጠየቅኋት፤ ሳቀችብኝ። ምን ታድርግ፣ እኔ ሳድግ እኮ የሚጫወተው ሰውዬ አባቴ ነበር።

አዳማ ላይ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ አንድ ግሪክ ነጋዴ የእህል መጋዘኑን ሲኒማ አደረገው፤ ሰዉ «ሰይጣን ቤት» እያለ ያማዋል፣ እናቴም እያማተበች ከፊት ትቀመጣለች። ያኔ ፊልሙ ድምፅ የለውም። አባባ ቀን ብቻውን ያየውና ለእያንዳንዱ ሰው ዜማ ያበጅለታል፤ ለፈረሰኛው አምባሰል፣ ለክፉው ሰውዬ አንቺ ሆዬ፣ ለምታለቅሰዋ ትዝታ። ሲመሽ ፊልሙ ከሚታይበት ሸራ ስር ተቀምጦ ማሲንቆውን ሲገዘግዝ፣ ከሁሩታ እህል ይዘው የሚመጡት ኦቦ ቱፋ እንባቸውን እየጠረጉ ግጥም ይሰጡታል፣ እሱም ተቀብሎ ያዜመዋል። ሰርግ ቤት «አዝማሪ» ተብሎ ከበር ስር የሚጣለው አባቴ ሰው የሆነው እዚያ መጋዘን ውስጥ ነበር።

በኋላ ግሪኩ የሚዘፍን ፊልም አመጣና ከእንግዲህ አትድከም አለው። አባባ ሳቀ፤ ሸራ ደግሞ ምን ሊዘፍን ብሎ እጄን ይዞ ሄደ፣ እቦታው ተቀመጠ። አንዲት ነጭ ሴት አፏን ከፍታ ስታዜም መጋዘኑ ጸጥ አለ። ለአዝማሪ የሰጡትን ግጥም አለመቀበል ነውር ነው። ቋንቋዋን ባያውቀውም ለእሱ የሰጠችው መሰለው፤ ቶሎ ብሎ ጭራውን በድምፅዋ ልክ ቃኘና እስክታቆምለት ጠበቀ። አላቆመችም። እየተጫወተ ተከተላት፤ ደረሰባት ስል ጥላው ትሄዳለች፣ እሱን ላብ ያጠምቀዋል። በመጨረሻ ኦቦ ቱፋ፣ ሌላ ማንም አይደለም፣ ትከሻውን ነካ አድርገው፣ «ተው እንጂ አያ አየለ፣ ዝም በል። እሷን እንስማት» አሉት።

በሐዲዱ ዳር ወደ ቤት ስንመለስ አንዴ ብቻ ተናገረ። «አልጠበቀችኝም እኮ፣ ልጄ።»

ከዚያ ወዲያ ማሲንቆውን አልነካም። እናቴ ለመነችው፣ ቢጨንቃት ራሷ ግጥም ሰጠችው፤ እሷንም አልተቀበላትም። ጭራውን አይጥ በላው፣ እሱም ብዙ አልቆየም። ዜማዎቹን የሚያውቅ ዛሬ ከእኔ በቀር የለም፤ እኔም ለምታለቅሰዋ ካበጀላት ዜማ መጀመሪያውን እንጂ መጨረሻውን አላስታውሰውም። ሆዴን የሚበላኝ ይሄ ነው።

ትናንት ሙዚቃው ጋብ ሲል፣ አሁን አባባ ዜማውን ተቀብሎ ይገባል ብዬ ጆሮዬን ጣልኩ። ሌላ ሰው ገባ።