ማጠቃለያው ለሁሉም ተልኳል

ከዩኒቨርሲቲው የሚመጣ ኢሜይል አላነብም ነበር። ርዕሱን አያለሁ፤ ፈተና የሚል ቃል ካለበት እከፍተዋለሁ፣ ከሌለበት እዚያው ይደር። በዚያ ሳምንት የመጣው «በጋራ መሥሪያ መድረካችን ላይ የተጨመሩ አዳዲስ ነገሮች» ይላል። ፈተና የለበትም። ተውኩት።

ዩኒቨርሲቲ ስል ገና በሩ ላይ ነኝ። ከወታደር ቤት ወጥቼ ሁለት ዓመት ለአንድ ድርጅት ስልክ ሳነሳ ከረምኩና፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴ ስላልበቃ መኺና ገባሁ፤ ዋናው ትምህርት ከመጀመሩ በፊት የጎደለውን የሚሞሉበት አንድ ዓመት ነው። እናቴ ግን ሰፈራችን ኤን ጋኒም ውስጥ ለሚያገኛት ሁሉ «ልጄ ዩኒቨርሲቲ ናት» ትላለች። አላርማትም። ለመኺና ልጅም የዩኒቨርሲቲውን አካውንት ይሰጣሉ፤ በኮምፒውተር በኩል ካየነው ውሸት አይደለም።

የእህቴ ባል ቤቱን ጥሎ ከወጣ ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። ክፉ ሰው አይደለም። የዳቦ መኪና ነው የሚነዳ፤ ንጋት ላይ ወጥቶ ቀትር ላይ ይገባል፣ ድምፁም አይሰማ። እናቱ በሚኖሩበት ከተማ ቂርያት ጋት ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። «ወደዚያ እንግባ» አላት። «ከዚህ አልነቃነቅም» አለችው። ለምን ሲላት መልስ የላትም። አልነቃነቅም፣ አለቀ። እሱ እናቱ ዘንድ ሄዶ ቀረ፤ እሷም እዚሁ ቅርብ ክፋር ጋኒም ያለውን ቤታቸውን ቆልፋ እኛ ዘንድ መጣች። ከተጋቡ አራት ዓመታቸው ነው፣ ልጅ የላቸውም። ዓመቱን ከእነሱ ይልቅ ዘመዱ ይቆጥረዋል።

ነገሩ ሽማግሌ ዘንድ ደረሰ። ትልቁ ሽማግሌ የእናቴ አጎት ናቸው፤ አሽዶድ ይኖራሉ፣ ጉልበታቸው እምቢ ብሏቸው ከቤት አይወጡም። ባልየው ቂርያት ጋት፣ እኛ እዚህ። ስለዚህ በስክሪን እንገናኝ ተባለ። መጀመሪያ በነፃው መተግበሪያ ሞከርነው። ነፃው አርባ ደቂቃ ሲሞላ ይቆርጣል። አጎታችን ደግሞ ሽምግልና ሲከፍቱ አስቀድመው ይመርቃሉ፣ ቀጥለው የሁለቱን ወገን ዘር ከነአገሩ ይጠራሉ፣ ከዚያ ነው ወደ ነገሩ የሚገቡት። ምርቃቱን ጨርሰው ከዘሩ አምስተኛው አያት ላይ ሲደርሱ ተቆረጠ። ወዲያው ለእናቴ ደወሉላት።

«አፌ ላይ የዘጋብኝ ማነው?» አሉ። ተቀይመዋል።

«ለእኔ ተዉት» አልኩ እኔ። «የዩኒቨርሲቲው ገደብ የለውም። እስከ አዳምም ቢቆጥሩ አይቆርጥባቸውም።»

«አፍሽን ያዢ» አለች እናቴ፤ ግን ደስ ብሏታል። ሽምግልና በዩኒቨርሲቲ።

አዲስ የስብሰባ ክፍል እንዴት እንደሚከፈት አላውቅም ነበር፤ ለመማርም ትዕግሥቱ አልነበረኝ። ከሦስት ልጆች ጋር የባዮሎጂ ሥራ የምንሠራበት የቡድን ክፍል ነበረኝ፤ እሱን ከፈትኩት። እሑድ ከሰዓት ማንም አይገባበትም። ለአማቻችን በኢሜይሉ መጥሪያ ላክሁለት፣ ለአጎታችን ማስገቢያውን በዋትሳፕ።

ሁሉም ገቡ። የአጎታችን ግንባርና የቤታቸው ጣሪያ ይታያል። አማቻችን ፊቱን ተላጭቶ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ እንደ ሙሽራ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። በማዕዘኑ አንዲት ትንሽ ኮከብ የተሳለችበት ሌላ ሳጥን ነበረች። ከዚያ በፊት አይቻት አላውቅም፤ ከሥሯ «ረዳት» ይላል።

«ያ ኮከብ ያለበት ማነው?» አሉ አጎታችን።

«የዩኒቨርሲቲው ረዳት ነው አባባ፣ ሰው አይደለም። ዝም ብሎ ነው የሚቀመጥ።»

«የሚያስፈራውስ ዝም ብሎ የሚቀመጠው ነው። የሚናገረውማ ይታወቃል።»

«አይጨነቁ አባባ።»

«ሽማግሌ ከሆነ ይቀመጥ። ካልሆነ ይውጣ።»

ሁላችንም ሳቅን። አላስወጣሁትም። እንዴት እንደሚወጣ አላውቅማ።

ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጥን። ዘሩ ተቆጠረ፣ ሳይቆረጥ። እሱ ተናገረ፣ እሷ ተናገረች፤ ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው፣ አንዳቸው የአንዳቸውን ስም ሳይጠሩ። ቤት ጥሎ የወጣ እሱ ነውና ይቅርታ ይጠይቅ ተባለ። ፊት ለፊት ቢሆን የአጎታችንን ጉልበት ይስም ነበር። አሁን ወደ ስልኩ ጎንበስ ሲል አናቱ ብቻ ታየን፤ ኪፓ ቆቡ ወደቀችበትና ሊያነሳት ከስክሪኑ ጠፋ።

«የት ሄደ?» አሉ አጎታችን።

«እየሳመ ነው አባባ» አልኩ።

«ይበቃል፣ ተነሥ ልጄ።»

ፍርዱ እንዲህ ሆነ፦ እናቱ እስኪድኑ ድረስ ወደዚህ መጥተው፣ ክፋር ጋኒም ከልጃቸውና ከምራታቸው ጋር ይቀመጡ። እህቴ ከሰፈሯ አትነቃነቅም፣ እሱም እናቱን አይጥልም። ብልህ ፍርድ ነው፤ እኔ ራሴ ከዚህ የተሻለ አላመጣም። እህቴ «እሺ» አለች። አጎታችን ሲዘጉ «የሰማነውን ምድር ትዋጠው» አሉ፤ ሁላችንም አሜን አልን። ሽማግሌ ፊት የተባለ ነገር ከሽማግሌ አይወጣም። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ብዙ ሕግ አላከብርም፣ ይህን ግን አከብራለሁ።

እነሱ ወጡ። እናቴም ወደምትንከባከባቸው አሮጊት ወደ ሥራዋ ሄደች። እኔ ኮምፒውተሩን ከፊል ዘጋ አድርጌ ገፋ አደረግኩት። ዘጋ ማድረግ መዝጋት አይደለም፤ ይህን ያወቅሁት በማግስቱ ነው።

እህቴ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም። እኔና እሷ ብቻችንን ስንሆን ዕብራይስጥ ነው የምናወራ፤ ከሕፃንነታችን ጀምሮ እንደዚያ ነው።

«ምን ሆንሽ፤ ታረቃችሁ እኮ» አልኳት።

«እናቱ ቤቴ ሊገቡ ነው።»

«እና? ጥሩ ሴት ናቸው።»

«ጥሩ ናቸው። በየጧቱ ሆዴን ያያሉ።»

ከዚያ ነገረችኝ። በዝናቡ ወራት አርግዛ ነበር። ለእሱ ለሰንበት ልትነግረው አስባ ሳለ ሐሙስ ቀን አስወረዳት። ብቻዋን ኩፓት ሆሊም ክሊኒክ ሄዳ፣ ብቻዋን ታክማ፣ ለሥራ ቦታዋ ሆድ ቁርጠት ብላ፣ ለእሱም ሆድ ቁርጠት አለችው። ቂርያት ጋት ብትሄድ የዘመዱ ሁሉ ጥያቄ «መቼ ነው?» ነው። አሁን ደግሞ ጥያቄው በእግሩ ሊመጣ ነው። አልነቃነቅም ያልኩት ለዚህ ነው አለችኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን ያቅፋት ነበር። እኔ «ንገሪው» አልኳት።

«አልችልም።»

«ካልነገርሽው እኔ እነግረዋለሁ።»

እንዲህ ነኝ። አፌ ይቀድማል፣ ከዚያ ልቤ እያለከለከ ይደርሳል። በኋላ አቀፍኳት። ማቀፌ የትም አልተመዘገበም።

በማግስቱ ጧት አውቶቡስ ላይ ሳለሁ ከቡድናችን አንዷ ደወለችልኝ፤ ከሩሲያ የመጡ ቤተሰቦች ልጅ ናት፣ የቡድኑን ክፍል የምታስተዳድረው እሷ ናት። እኔና እሷ ከባዮሎጂ ውጭ ተነጋግረን አናውቅም።

«ስሚ» አለችኝ፣ «ክፍላችን ውስጥ የእኛ ያልሆነ ነገር መጥቷል። ሦስተኛው መስመር ላይ ስደርስ ማንበብ አቆምኩ። አጥፍቼዋለሁ፤ ሌሎቹ ሁለቱ ገና አልከፈቱትም ነበር። ግን በኢሜይልም ልኮታል።»

ከፈትኩት። ዛሬም ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ ረዳቱ በዕብራይስጥ ንጹሕ አድርጎ ነው የጻፈው።

«የስብሰባ ማጠቃለያ። ክፍል አንድ፦ ተሳታፊዎቹ ለሁለት ሰዓት ያህል በማይደገፍ ቋንቋ ተወያይተዋል፤ ማጠቃለል አልተቻለም። ክፍል ሁለት፦ አንዲት ተሳታፊ ባለፈው የዝናብ ወቅት እርግዝና እንደተቋረጠባትና ባለቤቷ እንደማያውቅ ገለጸች። ሁለተኛዋ ተሳታፊ፣ እርሷ ካልነገረችው ራሷ እንደምትነግረው አስታወቀች። ቀጣይ ተግባር፦ ለባለቤት መንገር። ኃላፊ፦ አልተወሰነም።»

ከሥሩ፦ ማጠቃለያው ለክፍሉ አባላትና ለተጠሩ ሁሉ ተልኳል።

በኢሜይል የተጠራው አማቻችን ነው። መጥሪያውን የላክሁት እኔ ነኝ። ረዳቱ ሽማግሌው በአማርኛ የተናገሩትን ሁሉ አልሰማም፣ ምድር እንደዋጠችው ቆጠረው፤ የእህቴን ዕብራይስጥ ግን አንድ ነገር ሳያስቀር።

ከአውቶቡሱ ወረድኩና ወደ ዩኒቨርሲቲው የእርዳታ ስልክ ደወልኩ። የመለሰልኝ ልጅ ትሁት ነበር። ኢሜይሉ ከወጣ አይመለስም አለኝ፤ ለወደፊቱ ግን ሦስቱን ነጥቦች ተጭነሽ ረዳቱን ማጥፋት ትችያለሽ፣ በተላከልሽ ኢሜይል ላይ ተብራርቷል። ጣቢያው ላይ ቁጭ ብዬ ያንን ኢሜይል ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ሁሉም ተጽፏል። ረዳቱ የተባለውን ሁሉ ጽፎ ይልካል፣ ያልተገኙትም እንዳይቀርባቸው ይላል።

አንድ ነገር ልናገርና ይውጣልኝ። መጀመሪያ የተሰማኝ ድንጋጤ ነው። ሁለተኛው ግን «አለቀ፣ ተገላገለች» የሚል ነበር። ለአንዲት ጣቢያ ያህል ቀለለኝ። ከዚያ ፊቷ መጣብኝ።

እህቴ ኤም ሃሞሻቮት ሰፈር አንድ የጥርስ ሐኪም ቤት ጸሐፊ ናት። ዝም ብዬ ጠብቄ እንደ አጋጣሚ ላስመስለው እችል ነበር፤ እሱ ኢሜይል የሚያይ ሰው አይደለም። በእግሬ ሄድኩ። ደረጃው ላይ ጠርቼ ስልኬን ሰጠኋት። ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ሆን ብለሽ ነው» አለችኝ።

«አይደለም።»

«እነግረዋለሁ አላልሽም?»

«ብያለሁ። ግን በአፌ እንጂ በዚህ አልነበረም። ክፍሉን ሳልዘጋው ቀረሁ፣ ይኸው ነው። ጥፋቴ ነው።»

«ጥፋቴ ነው ስትይ እንኳ ትቸኩያለሽ።»

 እሷ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ውስጥ የጥርስ መሰርሰሪያው ይጮኻል። ቆይታ የራሷን ስልክ አወጣችና ደወለችለት። መኪና ውስጥ ስለነበር ድምፁ ጎልቶ ይሰማኛል።

«ከእህትሽ ዩኒቨርሲቲ አንድ ነገር መጥቶልኛል» አለ ገና ሳትናገር። «እየነዳሁ ነው፣ አላየሁትም። ምንድን ነው፣ የሽማግሌዎቹ ነው?»

«አትክፈተው።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«እኔ እነግርሃለሁ። እስክነግርህ አትክፈተው። ለምኚኝ ካልክ እለምንሃለሁ።»

 የመኪናው የመታጠፊያ መብራት ቱክ ቱክ ሲል ይሰማል።

«በሰደር፣ እሺ» አለ። «የቀረኝን ዳቦ ላድርስና እመጣለሁ።»

ስልኩን ዘጋችና ወደ እኔ ሳታይ «ቤት ሂጂ» አለችኝ። ሄድኩ። መኺና አልገባሁም በዚያ ቀን።

ከቀትር በኋላ መጣ፣ ከነዳቦ መኪናው። ኤን ጋኒም ያለው መንገዳችን ጠባብ ነው፤ መኪናውን ግማሹን መንገድ ዘግቶ አቆመው። እህቴ ወረደች። ቤት ይገባሉ ብዬ ሳስብ ከጎኑ ወጥታ ተቀመጠችና በሩን ዘጉት።

እኔና እናቴ በረንዳ ላይ ቆምን። እናቴ ምንም አታውቅም፤ ወይም ታውቃለች፣ በእሷ አይለይም። መስታወቱ ላይ ፀሐይ ስላረፈ የሚታየው የእሱ ክንድ ብቻ ነው። ክንዱ መሪው ላይ ነበር፣ ብዙ ቆየ፣ ከዚያ ወረደና አልታየም። አንድ ጎረቤት መኪናውን ሊያወጣ ፈልጎ ክላክስ አደረገ። የዳቦ መኪናው አልተነቃነቀም። እንደገና አደረገ።

እናቴ ከበረንዳው ጎንበስ ብላ በዚያች በተሰባበረች ዕብራይስጧ «ትንሽ ቆይ ልጄ፣ ሰው እያወራ ነው» አለችው።

«እኔስ ሥራ የለኝም እማማ?»

«ሥራማ አለህ። ትንሽ ቆይ።»

ሰውየው ሞተሩን አጠፋና ቆየ። ያንን ሰው ከዚያ ወዲህ ባየሁት ቁጥር ሰላም እለዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ አያውቅም።

ሰዓት ሊሞላ ሲል እህቴ ብቻዋን ወጣች። ዓይኗ አብጧል፣ አረማመዷ ግን የራሷ አረማመድ ነው። ልብሷን ከመሳቢያው አውጥታ ቦርሳዋ ውስጥ አጨቀችው። በሩ ላይ ስትደርስ አገጬን በሁለት ጣቶቿ ይዛ ነቅነቅ አደረገችው፤ ትንሽ ሳለሁ ሳጠፋ እንደምታደርገው፣ ጠንከር አድርጋ። አመመኝ። ከዚያ ወረደች።

እናቱ በሳምንቱ መጡ። ሆድ አላዩም፣ ጥያቄም አልጠየቁም፤ ማን ምን እንዳላቸው አላውቅም። ኢሜይሉን ከፍቶት ይሁን ሳይከፍት አጥፍቶት ይሁን፣ እሱንም አላውቅም።

በዚያ ቀን ግን የዳቦ መኪናው ወደ ኋላ ተንቀሳቅሶ ጥጉን ሲታጠፍ፣ እናቴ ክንዷን የበረንዳው ብረት ላይ አስደግፋ ጠየቀችኝ።

«ምን ተባባሉ?»

«አላውቅም።»

«አንቺ? ሳታውቂ?»

«እኔ፣ ሳላውቅ።»

ቀና ብላ አየችኝ፤ ትኩሳት እንዳለብኝ ሁሉ ግንባሬን በመዳፏ ነካ አድርጋ ገባች።