ኦርኬስትራችን ዝግ ብሎ የሚጫወትበት ምክንያት

መቀሌ የመጣሁት ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ለማስተማር ነው። ክላርኔት መያዜን ያየ ባልደረባዬ ሰሜን ክፍለ ከተማ ወደሚገኝ አንድ አዳራሽ ወሰደኝ። የሰፈሩ ኦርኬስትራ እዚያ ይለማመዳል። ያቋቋሙት ትራምፔት የሚነፉ አዛውንት ናቸው። ከወጣትነታቸው ጀምሮ የቅዳሜ ልምምድ ቀርተው አያውቁም፤ በሠርጋቸው ዕለት እንኳ ሙሽራዋ ቤት የደረሱት ከልምምድ በኋላ ነው ይባላል። ኖታ ማንበብ እችል እንደሆነ ጠየቁኝ። እችላለሁ አልኩ።

"እንግዲያው እንደተጻፈው ካልሆነ እያልክ ታስቸግረናለህ፣ ወደይ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ወንበርም ሰጡኝ።

ጦርነቱ ሲመጣ ልምምዱ ቆመ። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ጠፋ፣ የቫዮሊን ክር ጠፋ፣ ሰውም ጠፋ። ያ ሁሉ አልፎ ስንሰባሰብ ግማሹ ወንበር ባዶ ነበር። ባዶዎቹን ወንበሮች ማንም ከቦታቸው አላነሳቸውም።

አዛውንቱ ትራምፔታቸውን አንስተው ነፉ። የወጣው አየር ብቻ ነው። በዚያ መከራ የፊት ጥርሶቻቸው ረግፈው ኖሯል፤ ያለ ፊት ጥርስ ደግሞ ትራምፔት እሺ አይልም። በመሐረብ ጠርገው አጠገባቸው ለተቀመጠችው ሴት ልጃቸው ሰጧት። ዓይደር ሰፈር አንድ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። መንፋት ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ባሉበት ግን በሰው ፊት ነፍታ አታውቅም። ያን ቀን ነፋች። እስክትጨርስ በመስኮት ወደ ውጭ ሲያዩ ቆዩ፤ ከዚያ ሄደው ከትልቁ ከበሮ ኋላ ቆሙ።

ችግሩ፣ ከበሮው ላይ ይዘገያሉ። ሁላችንም እንሰማለን፤ የሚናገር ግን ጠፋ። በመጨረሻ ልጃቸው ትራምፔቱን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣

"አቦይ፣ እየዘገዩ ነው" አለቻቸው።

"እኔ አልዘገየሁም" አሉ። "እናንተ ናችሁ የቸኮላችሁት።"

ከዚያ ወዲህ ሁሉንም ነገር ዝግ አድርገን እንጫወታለን። ቁሓ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት እንደገና ሲከፈት የሰልፍ ዜማ ተጫወትን፤ ተማሪዎቹ አንድ እግራቸውን አንስተው ከበሮውን ጠበቁ። አንዲት እናት መጥተው፣ ኦርኬስትራው ከድሮው ይልቅ ግርማ አግኝቷል ብለው አመሰገኑ። አዛውንቱ ምስጋናውን ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ተቀበሉ።

ዘንድሮ ከጅማ የመጡ ሁለት ተማሪዎች ቫዮሊን ይዘው ተቀላቀሉን። አንደኛው ሙዚቃው ለምን እንደሚጎተት በጆሮዬ ሹክ ብሎ ጠየቀኝ። እዚህ እንዲህ ነው አልኩት፤ ኖታው ላይ የተጻፈውን ፍጥነትም በእርሳስ እንዲያርመው ነገርኩት።