መሬት ለመሬት የሮጠው እሳት

ጨለለቅቱ ከተማ ኬሚስትሪ ማስተማር ስጀምር የተከራየሁት ክፍል የአንድ ባልና ሚስት ግቢ ውስጥ ነበር። ባልየው የቡና ነጋዴዎችን በሞተር ሳይክል ያመላልሳል። ማደያ ቤንዚን ሲጠፋ ደግሞ ከዲላ በጀሪካን አምጥቶ፣ በውሃ ፕላስቲክ እየቀዳ ለሌሎች ሞተረኞች ይሸጣል። ሚስቱ ቁጥብ ናት፤ ሴት ለሴት ሆነን ነው መሰለኝ ከእኔ ጋር ብቻ ትስቃለች። የባልየው እናትም እዚያው ይኖራሉ።

ጀሪካኑ የሚቀመጠው ከቤቱ ጀርባ ባለችው እቃ ቤት ነው። ግቢው ተዳፋት ስለሆነ ማድ ቤቱ ከእሷ ዝቅ ብሎ፣ ራቅ ብሎ ነው የተሠራው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ባልና ሚስቱ ተጣሉ። በምን እንደሆነ አላወቅኩም፤ ጩኸታቸው ግን ጎረቤት ድረስ ተሰማ። ረፋዱ ላይ የተማሪ ፈተና እያረምኩ ሳለ ቡፍ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሮጬ ስወጣ እቃ ቤቷ ትነድዳለች፤ ባልየው መሬት ላይ ይንከባለላል፤ ሚስቱ ብርድ ልብስ ጣል አድርጋበት በላዩ ተደፍታ እሳቱን ታፍናለች። ጎረቤት አፈር እየበተነ ቃጠሎውን አጠፋ። ሰውየውን መኪና ለምነን ዲላ ሆስፒታል አደረስነው።

መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ይደጋግም ነበር፦ "እሳቱ ከእሷ ዘንድ ነው የመጣው።"

እናቱ ይህን ሰሙ። የጠዋቱንም ጠብ ሰምተዋል። ሁለቱን ነገር አገናኙና በምራታቸው ላይ ፈረዱ።

"እኔ እሳቱ እስኪነሳ ከማድ ቤት አልወጣሁም" አለች ሚስቱ። "ክብሪት እንኳ አልጫርኩም። ምድጃው ከጠዋት ጀምሮ የነደደ ነው።" የሚሰማት አልተገኘም። ሳምንት ሳይሞላ ልብሷን በፌስታል ይዛ ወላጆቿ ዘንድ ወርቃ ሄደች።

ልጠይቀው ሆስፒታል ስሄድ ፊቱ በቅባት ተለቅልቆ፣ ሁለት እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ አገኘሁት።

"ክብሪት ስትወረውር አየሃት?" አልኩት።

"እሷንማ አላየሁም። እሳቱን ግን አየሁት፣ መምህር። መሬት ለመሬት እየሮጠ ሽቅብ መጣብኝ። እንዲህ ብል ማን ያምነኛል?"

"ስትቀዳ ፈሶብህ ነበር?"

"ትንሽ።"

እኔ አመንኩት። የሚነደው ፈሳሹ ራሱ አይደለም፤ ከላዩ የሚነሳው ትነት ነው። እያንዳንዱ ነዳጅ ለመቀጣጠል የሚበቃ ትነት መስጠት የሚጀምርበት የሙቀት መጠን አለው፤ የብልጭታ ነጥብ እንለዋለን። የናፍጣ ከፍ ያለ ነው፤ ካልሞቀ ክብሪት ቢያስጠጉትም በቀላሉ አይያያዝም። የቤንዚን ግን ከዜሮ በታች እጅግ የወረደ ስለሆነ፣ በእኛ ብርድም ቢሆን ሁልጊዜ ለእሳት የተዘጋጀ ነው። ትነቱ አይታይም፤ ከአየር ስለሚከብድ እንደ ውሃ ወደ ዝቅታ ይወርዳል። ይህን ሁሉ ደጋግሜ ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ። ያን ቀን ግን ትነቱ ከእቃ ቤቱ ደፍ ሥር ሾልኮ፣ በግቢው ቁልቁል ተስቦ፣ ምድጃው ጋ ሲደርስ እሳት ይዞ ሲመለስ በዓይነ ህሊናዬ አየሁት።

ለእናትየው ነገርኳቸው።

"ቤንዚን ራሱ ሄዶ እሳት ጠራ ነው የምትይኝ?"

"አዎ፣ እማማ።"

"እኔ ልጅ አይደለሁም" ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

ባልየው ከሆስፒታል ሲወጣ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌዎች ሊጸልዩለት፣ ስለ ትዳሩም ሊነጋገሩ መጡ። አንድ ነገር እንዳሳይ ፈቃድ ጠየቅኩ። ነፋስ በማይነካው ማዕዘን የቆርቆሮ አሸንዳ ድንጋይ ላይ አጋድሜ፣ ታችኛው ጫፍ ላይ ሻማ አበራሁ። ሰዉን ራቅ አድርጌ፣ አሸዋ ከጎኔ አስቀምጬ፣ ቤንዚን የነካ ጨርቅ ከላይኛው ጫፍ አኖርኩና ፈቀቅ አልኩ።

ምንም አልሆነም።

"ታዲያ የታለ?" አሉ እናትየው። አፋቸውን ሳይዘጉ ነበልባሉ ከሻማው ተነስቶ አሸንዳውን ሽቅብ ሮጠና ጨርቁ ቦግ አለ። ባልየው በታሰሩ እጆቹ ፊቱን ሸፈነ። እናቱ ልጃቸውን በጌዴኦኛ አንድ ነገር ጠየቁት፤ እሱ ራሱን በአሉታ ነቀነቀ። አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ "‘በዓይንህ አላየሃትም ማለት ነው?’ ነው ያሉት" ብለው ተረጎሙልኝ።

በማግስቱ እናትየው ሞተር ላይ ተፈናጥጠው ወርቃ ሄዱና ምራታቸውን ይዘው ተመለሱ። እዚያ ምን ተባብለው እንደታረቁ አልሰማሁም። ቤንዚን ከዚያ ወዲህ ግቢው አልገባም።

ምስጋና ጠብቄ እንደነበር አልደብቅም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ከሚስትየው ጋር ደጃፌ ላይ ተቀምጠን ሳለ ጠየቀችኝ።

"መምህር፣ የዚያን ዕለት ጨርቁ ባይነድ ኖሮስ? ነፋስ ቢነሳስ?"

"ትነቱ ይበተናል፤ ላይነድ ይችል ነበር።"

"ቢነድም ባይነድም እኔ ግን ያው እኔው ነበርኩ" አለች።

በቁጣ አልነበረም የተናገረችው። ሳይንሱን በትክክል አስረድቼ ነበር፤ እሷ የጠየቀችኝ ግን ሳይንሱን አልነበረም። ወደ እሷ ጠጋ አልኩ፤ እሷም አልተነሳችም።