የሦስት ሰዓቱ ወንበር

ሥራ የጀመርኩት ጄኔቭ፣ ሜራን አጠገብ፣ የሆቴል አንሶላ በሚያጥብ ላውንደሪ ነው። የመጀመሪያው ቀን ሥራዬ እርጥብ አንሶላ ዘርግቶ መተኮሻውን ሮለር ማጉረስ ነበር። አንዱን ጫፍ እኔ፣ ሌላውን አንድ ፖርቹጋላዊ እንይዛለን።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሮለሩ ቆመ። ሼፋችን፣ ማለትም አለቃችን፣ ሙሴ ክሎድ በእጁ የመጠጣት ምልክት እያሳየ፣ "ና፣ ፖዝ ነው፣ ቡና እንጠጣ" አለኝ።

"ኧረ ግድ የለም" አልኩ።

እንግዲህ በእኛ ወግ ይህ እሺ ለማለት የመጀመሪያው ደረጃ ነው። ሁለተኛ ሲለምነኝ ልግደረደር፣ በሦስተኛው ልነሳ ተዘጋጅቼ ነበር። ሙሴ ክሎድ "ጥሩ" ብሎ ሄደ። ሁለተኛውን ልመና እስከ ዛሬ እየጠበቅሁ ነው።

እነሱ ቡና ሲጠጡ እኔ ፎጣ አጠፍኩ። በማግሥቱም የጠየቀኝ የለም። ውሎ አድሮ እረፍት አለመውጣት ልማዴ ሆነ። ከሰዓት በኋላ ግን ጉልበቴ ይከዳኝና አንሶላው ተጨማዶ ይወጣ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ሼፉ የሥራ ግምገማዬ ላይ "ጎበዝ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ግን ይሰንፋል" ብሎ ጻፈልኝ። ሳያርፍ የሚሠራው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ሰነፍ የተባልኩትም እኔው።

ኋላ ልጄ ወደተዳረችበት ወደ ዙሪክ ሄጄ፣ ቪዲኮን በሚባል ሰፈር የአንድ አረጋውያን መኖሪያ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ገባሁ። በዕድሜዬ ይመስለኛል፣ የሦስት ሰው ሼፍ አደረጉኝ። ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ሲቀረኝ ሰሚራ የምትባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ያገሬ ልጅ ተለማማጅ ሆና መጣች። ሦስት ወር የሙከራ ጊዜ አላት። ካለፈች ትምህርቱም ሥራውም ይቀጥላል፤ ከወደቀች ወደ ጥገኝነት ጠያቂዎች መጠለያ መመለስ ነው። እዚያ ደግሞ ከመቀመጥ ሌላ ሥራ የለም።

አንድ ሰኞ አስተዳዳሪያችን ፍራው ሉትስ ጠራችኝ። "ልጅቷ ጠዋት ጠዋት እንደ ማሽን ናት። ከሰዓት በኋላ ቀይ ካልሲ ከነጭ ሸሚዝ ጋር ትከታለች፤ ሁለት ጊዜ! እስከ አርብ ካልተስተካከለች ውሉን አልቀጥልም።"

ሄጄ ለሰሚራ ነገርኳት።

"ሦስት ሰዓት ላይ ለምን እንደ ሌሎቹ እረፍት አትወጪም?"

"አልደከመኝም ጋሼ።"

"የአንዱ ሽማግሌ ሸሚዝ ግን ሮዝ ሆኗል።"

ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ዓይኗ እንባ አቀረረ። "እርስዎ ቆመው እኔ ልቀመጥ? እናቴ ብትሰማ ምን ትለኛለች?"

"እኔማ ለምዶብኝ ነው።"

"እኔም እየለመደብኝ ነው ጋሼ።"

በማግሥቱ ሦስት ሰዓት ላይ ከማጠፊያው ጠረጴዛ ሥር ወንበር ሳብኩና ተቀመጥኩ። ሰሚራ ቅርጫቷን ጥላ ሮጠች።

"ምነው ጋሼ፣ አመመዎት?"

"ደህና ነኝ። ተቀመጪ።"

"ኧረ ግድ የለም።"

ይቺን ቃል አውቃታለሁ።

"በሞቴ ተቀመጪ።"

"ይቺን ፎጣ ላጥፍና..."

ሦስተኛ ለመንኳት። ተቀመጠች።

አሥራ አምስት ደቂቃ ማሽኑን ቁጭ ብለን አየነው። ለካ ያለ እኔም ይሽከረከራል።

ሳምንቱን ሙሉ እንዲሁ ተቀመጥን። አርብ ከሰዓት በኋላ ፍራው ሉትስ መጥታ የሰሚራን ቅርጫት እስከ ታች ፈተሸች። ነጩ ነጭ ነው። የውሉ ወረቀት ላይ ፈረመች።

"ምን አስተማሯት?" አለችኝ።

"መቀመጥ።"

"ብዙ ጊዜ ፈጀ?"

"እሷን አንድ ቀን። እኔን ሃያ ስድስት ዓመት።"

ቀልድ መስሏት ሳቀች።

አዲስ ልጅ የምትቀበሉ ሁሉ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ቀድማችሁ ተቀመጡ። የእኛ አገር ልጅ ከሆነ ደግሞ ሦስት ጊዜ ለምኑት።