ያልጠራሁት አምስተኛ ስም

ፊልም ማውራት እወዳለሁ፤ ሚስቴ እንደምትለው ከምግብም አስበልጬ። አዘቦቱን ቢሮ እውላለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት ግን በጎንደር አንድ ኤፍ ኤም ጣቢያ ከጓደኛዬ ጋር የፊልም ዝግጅት አለን። የአዲስ አበባው የፊልም ሽልማት ሲቃረብ እጩ የሚሆኑትን አስቀድሜ እገምታለሁ። ብዙ ጊዜ ይሳካልኛል፤ ሲሳካልኝም ልቤ ያብጣል፣ ምን እዋሻለሁ።

ባለፈው ዓመት ከጎንደር ራቅ ብላ ድብ ባሕር የምትኖረው አክስቴ፣ የአባቴ እህት፣ ፊልም ላይ ተወነች። ፊልሙን የሚቀርጹት እዚያ ሰፍረው ሳለ ለአንዲት እልከኛ እናት የምትሆን ሴት ሲፈልጉ እሷን አዩና ወደዷት። በፊልሙ ላይ ሽማግሌዎች ልጇን ለጋብቻ ሊጠይቁ ይመጣሉ፤ እሷ መልስ አትሰጥም፣ ገብስ ታበጥራለች። በለመኗት ቁጥር ሰፌዱን ጠንከር አድርጋ ትመታዋለች፣ ሌላ የለም። ሲኒማ ቤት ገብቼ አየኋት። በዚያ ዓመት ከእሷ የተሻለች ረዳት ተዋናይት አላየሁም። ይህን ያኔም አውቀው ነበር።

የአምስቱን ረዳት ተዋናይት እጩዎች ግምቴን የማነብበት ቅዳሜ ማይኩ ሳይከፈት ጓደኛዬ፣ "አክስትህን አምስተኛ አድርጋት እንጂ" አለኝ።

"ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ እንዲሉኝ ነው?"

"ይበሉሃ። ሴትዮዋ እኮ ሸጋ አድርጋ ነው የሠራችው።"

እሱ ምን አለበት። አንድ ጋዜጠኛ ወዳጁን አሞገሰ ብዬ ለሳምንታት በአየር ላይ ስሳለቅበት የከረምሁት እኔ ነኝ። ሰው በእኔ እንዲስቅ አልፈለግሁም። አምስተኛ አድርጌ አንዲት ስመ ጥር ተዋናይት ጠራሁ፤ ሥራዋን እንኳ አልወደድሁትም ነበር።

ብዙም ሳይቆይ እጩዎቹ ይፋ ሆኑ። አራቱ እኔ ያልኋቸው ናቸው። አምስተኛዋ አክስቴ ነች። አድማጭ እየደወለ "አራቱን አገኘሃቸው" ሲለኝ አመሰግናለሁ። ሚስቴ ግን፣ "የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት አንተ ነህ" አለችኝ።

መደወል ነበረብኝ። ግን ምን ብዬ? እንኳን ደስ አለሽ፣ እኔስ ትቼሽ ነበር ልበላት? ዛሬ ነገ እያልሁ ቀናቱ አለፉ። አዘጋጆቹ ይነግሯታል፣ አውሮፕላን ለመሳፈር ጎንደር ስትመጣ እንደ ሌላው ጊዜ ፀዳ ሰፈር እኛ ቤት ታድራለች፣ ያን ጊዜ እግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃታለሁ እያልሁ ራሴን አታለልሁ። ሚስቴ አልጋ አነጠፈች። እኔ ለአዳራሹ የምትለብሰው ነጠላ ገዛሁላት። ዓርብ አልመጣችም። ቅዳሜም አልመጣችም፤ ስልኳም ዝግ ነው። ሽልማቱ እሑድ ነበር። እሑድ ማለዳ ነጠላውን ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርሁ።

ደጃፏ ላይ ስታየኝ ቀለሟ ተለወጠ። ሳያስነግር የመጣ ዘመድ ብዙ ጊዜ መርዶ ይዞ ነው።

"ምነው ልጄ፣ ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተ እቴቴ። ምነው አዲስ አበባ ሳትሄጂ?"

ሳቀች። "አንተም ዘንድ ደወሉ? ሌቦች ናቸው። እጩ ሆነሻል፣ ትኬት ቆርጠንልሻል አሉኝ። ያን ጎረቤታችንን እንዲሁ ሽልማት ደርሶሃል ብለው አይደል የዘረፉት? እኔ ግን አልሞኝላቸውም። የወንድሜ ልጅ በራዲዮ እጩዎቹን ሁሉ ጠርቷል፣ እኔን አልጠራኝም ብዬ ዘጋሁባቸው። ኋላም ፊልሙን የሠራነው ነን እያሉ ደወሉ። ሌባ ድምፅ መቀየር ያቅተዋል? ሲያሰለቹኝ ስልኩን አጠፋሁት።"

ያን ቅዳሜ ጎረቤቶቿን ጠርታ ስታዳምጠኝ ኖሯል። ዝርዝሩ ሲያልቅ ሴቶቹ "ምነው ልጅሽ ረሳሽ?" ብለዋታል። እሷ ደግሞ፣ "እሱ ሐቀኛ ነው። ብበቃ ኖሮ ዘመዴ ናት ብሎ አይደብቀኝም ነበር" ብላ መልሳላቸዋለች። ይህን ስትነግረኝ እየኮራችብኝ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

ሁሉንም ነገርኋት። የደወሉላት ሌቦች እንዳልነበሩ፣ ከሁሉም እሷን አብልጬ እንዳየሁ፣ ለስሜ ፈርቼ እንደ ተውኋት። ልክ እንደ ፊልሙ ዝም ብላ ሰማችኝ።

"አሁን አይደረስም?" አለች በመጨረሻ።

"አይደረስም።"

ነጠላውን ተቀብላኝ ለበሰችው።

ከቀትር በኋላ አስፋልቱ ዳር ካለች ምግብ ቤት ቴሌቪዥን ፊት ተቀመጥን። ጎረቤት ሰምቶ ተከትሎን ገባ። የእጩዎቹ ሥራ በየተራ ሲታይ እሷ ከነሰፌዷ ብቅ አለች። "ያ ገብስ እኮ እንክርዳድ ነበረበት" አለች ቀስ ብላ። ከዚያ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጡትን እጩዎች አንድ በአንድ አሳዩ። አራቱ በጥልፍ ቀሚስ አምረው ፈገግ አሉ። በእሷ ተራ ባዶ ወንበር ታየ። ቀና ብዬ ላያት አልቻልሁም።

ፖስታው ሊከፈት ሲል ወደ እኔ ዞረች። "አንተ ማንን ትላለህ?"

ማን እንደምታሸንፍ አውቅ ነበር፤ ከአራቱ አንዷ ናት፣ በራዲዮም ታሸንፋለች ብያለሁ።

"አንቺን" አልሁ፣ ቤቱ ያለ ሰው ሁሉ እየሰማኝ።

ሌላዋ ተጠራች። አክስቴ ከልቧ አጨበጨበችላት። ከዚያ የነጠላዋን ጥለት እያስተካከለች፣ ፊቷን ከቴሌቪዥኑ ሳትመልስ፣

"ያን ቅዳሜ እንዲህ ብትል ኖሮ፣ ተሳስተህም ቢሆን፣ እኔ ማኪናውን እሳፈር ነበር" አለችኝ።